የብስክሌት ማጓጓዣ ቦርሳዬ ከወራት በኋላ፦ ለመሄዱማ ማን ይቸገራል

የብስክሌት ማጓጓዣ ቦርሳ ቤት ውስጥ ሲታሸግ ሁሉም ጥሩ ነው። ብስክሌቱ ንጹህ፣ መፍቻው በእጅ፣ ጊዜው ሰፊ። ጉዱ የሚወጣው በመልሱ ጉዞ ነው። እግር ዝሏል፣ ካቴናው ላይ አፈርና ዘይት ተላቁጧል፣ በረራው ለማታ ነው፣ ሳሎኑ በሸኚ ተሞልቷል። እኔ ይሄንን ቦርሳ የምመዝነው በዚያች ሰዓት ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አገር ቤት ስመጣ ብስክሌቴን ይዤ እመጣና ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ደርሼ እመለሳለሁ። ፈጣን መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ በድሮው መንገድ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጌ ነው። ደርሶ መልሱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቦርሳው እናቴ ቤት፣ አልጋ ሥር ተጣጥፎ ይተኛል። ትንሽ ነገር ትመስላለች እንጂ የገዛሁት በዋናነት ለዚህ ነው። ጠንካራው የፕላስቲክ ሳጥን አይታጠፍም። የሬሳ ሳጥን የሚያህል ጥቁር ነገር ኮሪደር ላይ አቁሜ ጎረቤት ማስደንገጥ አልፈልግም።

ስለ ዕቃው ባጭሩ። ወፍራም ጨርቅ ነው፣ ውስጡ ስፖንጅ። ሁለቱ ጎማዎች የሚገቡበት ኪስ በየጎኑ አለው፤ ከታች ደግሞ የሚጎተትባቸው ትንንሽ ጎማዎች። ርዝመቱ 1.4 ሜትር ገደማ ነው። ባዶውን 8 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ዋጋው ከ400 ዶላር በላይ ነው፤ ርካሽ አይደለም።

አሁን ወደ መልሱ። መጀመሪያ እጥበት። አሜሪካ ስትገቡ አፈር ይዛችሁ እንደሆነ የማሳወቅ ግዴታ አለባችሁ። ጎማ ጥርስ ውስጥ ደርቆ የቀረ የላንጋኖ ጭቃም አፈር ነው። ስለዚህ ሰፈር ያለው ላቫጆ እወስደዋለሁ። ልጆቹ ባለ ግፊቱን ውሃ ይዘው ሲመጡ ግን አይሆንም እላቸዋለሁ። ያ ውሃ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያወጣዋል። በባልዲና በጨርቅ ይበቃል። ከዚያ ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል፤ እርጥብ ብስክሌት ስፖንጅ ውስጥ ከታሸገ ቦርሳው ይሻግታል።

ቀጥሎ መፍታት። ፔዳሎቹ ይወልቃሉ። የግራው ጥርስ ተቃራኒ መሆኑን የማያውቅ ሰው ጉልበቱን ይጨርሳል። መፍቻውን ወደ ላይ አቁሙና ወደ ኋላ ጎማው አቅጣጫ ግፉት፤ ለሁለቱም ይሠራል። ኮርቻው ከመውረዱ በፊት ቁመቱ እንዳይጠፋ ዘንጉ ላይ ፕላስተር ይለጠፍበታል። መሪው ተፈትቶ ከብስክሌቱ አካል ጎን ይታሰራል። ሁለቱም ጎማዎች ወጥተው ኪሳቸው ውስጥ ይገባሉ። ዲስክ ፍሬን ካላችሁ ጎማው በወጣበት ፍሬኑን እንዳትጨብጡ። ሸራዎቹ ተጣብቀው ይቀሩና ሌላ ሥራ ይፈጠራል። የታጠፈ ካርቶን መሐላቸው ብትሰኩ ከዚህ ትገላገላላችሁ።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ለሚያዛውረው ለኋላው ካምቢዮ ነው። እሱን ተሸክሞ የሚይዘው ትንሽዬ ብረት ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ብስክሌቱ ሲወድቅ ዋናው አካል እንዳይሰበር እሱ ይታጠፋል። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥም የሚያጎብጠው ከላዩ የሚጫን ሻንጣ ነው። ስለዚህ ካምቢዮውን በ5 ቁጥር የአለን መፍቻ እፈታዋለሁ፤ ሽቦውንም ካቴናውንም ሳላወልቅ። በጨርቅ እጠቀልለውና በፌስታል አስሬ ወደ ውስጥ፣ በብረቶቹ መሐል አስገባዋለሁ። መለዋወጫ ብረቷንም ሁልጊዜ እይዛለሁ። ኪስ የማትሞላ ነገር ናት፤ ሀዋሳ ላይ ግን ብትፈልጓት አታገኟትም።

ይሄ ሁሉ ሲነገር ረጅም ነው እንጂ እጅ ከለመደ አቦል ሲቀዳ የጀመሩት በረካ ሳይደርስ ያልቃል። የቦርሳው ጥሩነት እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ሁሉ ቦታው ይታወቃል፤ ማሰሪያዎቹ ተሰፍተው የመጡ ናቸው። በደከመ ጭንቅላትም ይታሸጋል።

ጎማ ይተንፍስ አይተንፍስ የሚለው ክርክር መቼም አያልቅም። ዕቃ የሚጫንበት ክፍልም እንደ እኛው ክፍል አየሩ ይጠበቃል። ከፍተኛው ልክ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለው አየር ነው። አዲስ አበባ ራሷ እዚያው ገደማ ናት! ቦሌ ላይ ያልፈነዳ ጎማ ሰማይ ላይ የሚፈነዳበት ምክንያት የለም። ቢሆንም ብዙ አየር መንገዶች አተንፍሱ ይላሉና ከሠራተኛ ጋር ንትርክ አልፈልግም። ጥቂት አስቀርቼ አስተነፍሳለሁ፤ የቀረው አየር ለቸርኬው መከላከያ ይሆናል። ባለ ባትሪ ብስክሌት ያላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ ከመንገደኛ ጋር አይሳፈርም። የብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

አሁን ክብደት። የተለመደው ገደብ 23 ኪሎ ነው። ቦርሳው 8 ተኩል፣ ብስክሌቴ 12። የቀረችው 2 ኪሎ ተኩል ናት፤ መፍቻና ፓምፕ ይበላታል። ይሄንን ለዘመድ ማስረዳት ግን ከዳገት ይከብዳል። አክስቴ ቦርሳው ተከፍቶ ስታየው፣ “አንተ፣ ይሄ ሁሉ ክፍት ቦታ ዝም ብሎ ሊሄድ ነው? ሽሮ አትከትበትም?” ትለኛለች። ክፍት ቦታውስ አለ። ሽሮው ግን ከባድና ድፍን ነው። በጉዞ ላይ ከቦታው ተንሸራቶ ካምቢዮው ላይ ከተጫነ አለቀ። ጋቢ ከሆነ ግን በደስታ እቀበላለሁ። የፊት ሹካውን ጠቅልዬበት እመጣለሁ፤ ከማንኛውም ስፖንጅ ይሻላል። በርበሬውና ሽሮው በሌላኛው ሻንጣ ይሄዳሉ። ትኬት ስትቆርጡም ብስክሌት እንዳለ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። የመጠን ገደቡ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ የብስክሌት ቦርሳ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ቦሌ መግቢያው ላይም ፍተሻ አለ። ትልቅ ዕቃ ሲሆን “ክፈተው” መባሉ አይቀርም። ረጅሙ ዚፕ ያኔ ይባረካል። አንዴ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይዘጋል። ካርቶን ቢሆን ፕላስተር ፍለጋ ነበር።

የማልወድለት ነገርም አለ። ከታች ያሉት ትንንሽ ጎማዎች የአስፋልት እንጂ የኮብልስቶን አይደሉም። የሰፈራችን ኮብልስቶን አንደኛዋን በልቷታል፤ አሁን ስትጎተት ታንቋርራለች። አንዱ ጥግ ደግሞ ውስጥ ያለው ብረት እየገፋው ተቀደደ። ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ ቁራጭ ቆዳ አስደግፎ በወስፌ ሰፋልኝ። ክሩን በሰም አሽቶ፣ ሁለት ጊዜ ደርቦ። ከፋብሪካው ስፌት በጣም ይሻላል፤ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ሌላው ችግር መጓጓዣ ነው። ቪትዝ የኋላ ወንበሩ ካልታጠፈ አይወስደውም፤ ወንበሩ ከታጠፈ ደግሞ ሸኚ የሚቀመጥበት የለም። ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ከቀኑ በፊት ተነጋግሮ መያዝ ይሻላል።

ከአንድ ከተማ ተነስታችሁ ሌላ ከተማ ላይ የምትጨርሱ ከሆነ ግን ይሄንን ቦርሳ አትግዙ። ለምሳሌ ከፒትስበርግ እስከ ዋሽንግተን የሚደርስ ከ530 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መንገድ አለ። ለመጀመር ፒትስበርግ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ባዶ ቦርሳውን የት ያኖረዋል? ተሸክሞት አይነዳ። ለዚያ የሚሆነው ካርቶን ነው። ሲደርሱ ይጣላል፣ በመጨረሻው ከተማ ካለ ብስክሌት ሱቅ ሌላ ይለመናል፤ ብዙዎቹ በነፃ ይሰጣሉ። መደወል ያለባችሁ ግን ቀደም ብላችሁ ነው፤ ሱቆቹ ካርቶን አያከማቹም።

ደርሶ መልስ ለሚነዳ፣ መነሻው ላይ አልጋ ሥር ቦታ የሚሰጥ ዘመድ ላለው ግን ገንዘቡ አያስቆጭም። በዓመት አንዴ ብቻ የምትበሩ ከሆነ ደግሞ ከጓደኛ ጋር አዋጡና ግዙት። የእኔንም አሁን ሁለት ሰዎች ወረፋ ይዘውበታል። ጎማዋን ማን እንደሚያስቀይር ገና አልተስማማንም።