ያት ከነሠራተኞቹ ለመከራየት፦ ሳይክላዲስ ወይስ አዮኒያን?

በግሪክ ደሴቶች መካከል ለአንድ ሳምንት ያት (የመዝናኛ ጀልባ) ከነካፒቴኑና ከነምግብ አብሳዩ ለመከራየት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ላይ ይቆማል። በኤጂያን ባሕር ያሉት የሳይክላዲስ ደሴቶች፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ የአዮኒያን ደሴቶች።

ሳይክላዲስ ስሙ የገነነ ነው። ሚኮኖስ፣ ፓሮስና ሳንቶሪኒ እዚያ ናቸው። ግን በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይነሳል፣ አንዳንዴ ለቀናት አይተኛም። ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት ብርጭቆ ተንሸራቶ ይሄዳል። ካፒቴኑ "ዛሬ አንወጣም" ካለ አለቀ። ሳንቶሪኒ ላይ ደግሞ ባሕሩ ከገደሉ ሥር ወዲያው ስለሚጠልቅ መልሕቅ መጣያ እንደ ልብ አይገኝም።

አዮኒያን ለስለስ ይላል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ማታ ጸጥ ይላል። ሌፍካዳ፣ ኢታካና ከፋሎኒያ ተቀራራቢ ናቸው፤ ቁርስ አንዱ ጋ፣ ምሳ ሌላው ጋ መብላት ይቻላል። ጠዋት ወደ ታች ሲያዩ የመልሕቁ ሰንሰለት አሸዋው ላይ ተጋድሞ ይታያል። ልጅ ወይም አዛውንት ይዞ ለሚሄድ፣ ያለ ማመንታት አዮኒያን እላለሁ።

ወጪው ኪራዩ ብቻ አይደለም። ለነዳጅ፣ ለምግብና ለወደብ አብዛኛውን ጊዜ የኪራዩ ከ20 እስከ 35 በመቶ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የተረፈው ይመለሳል። ሳይክላዲስ ርቀቱ ስለሚሰፋ ነዳጅ ይበላል።

ለሳይክላዲስ ግን ቲኖስ የምትባል ደሴት አለችለት። በፈረንጆቹ ኦገስት 15፣ በእመቤታችን በዓል፣ ምእመናን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉልበታቸው እየዳኹ ይወጣሉ። ይህን ማየት የፈለገ ሰው ነፋሱን ይቻለው።