ኢንዲያኖላ የሚገኘው የቢ.ቢ. ኪንግ ሙዚየም፦ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ወላጅ ከአገር ቤት ሲመጣ የት እንደሚወሰድ ግራ የሚገባን ብዙ ነን። አንድ ቀን ሞል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሳሎን ተቀምጦ ልጆቹ ከሥራ እስኪገቡ መጠበቅ ነው። ቴነሲ፣ አላባማ ወይም ጆርጂያ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ሚሲሲፒ ውስጥ ኢንዲያኖላ በምትባል ትንሽ ከተማ የታዋቂው የብሉዝ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ የቢ.ቢ. ኪንግ ሙዚየም አለ። የብሉዝ፣ የዚያ የጥቁር አሜሪካውያን የትካዜ ሙዚቃ፣ አፍቃሪ መሆን አይጠበቅባችሁም። ይልቅ እርሻ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከሁላችሁም በላይ የሚገባው እሱ ነው።

እኔ የሄድኩት ከአባቴ ጋር ነው። አባባ የተወለዱት አርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ነው። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። የሰው መሬት ያርሳሉ፣ ከምርቱ እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያስረክባሉ፣ አሥራት ይከፍላሉ፣ በዓመት በዓል ደግሞ በግና ቅቤ እጅ መንሻ ይዘው ደጅ ይጠናሉ። አባባ ስለ ብሉዝ ሰምተው አያውቁም። "የማን ሙዚየም ነው?" አሉኝ። "የእኩል አራሽ ልጅ ነው፤ በጊታር ዓለምን የዞረ" አልኳቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ጃኬታቸውን አነሱ።

ሙዚየሙ የተከፈተው በ2008 ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የአገር ቤቱን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ተካቷል። የጥጥ መዳመጫ ነበር። ከማሳ የመጣው ጥጥ ፍሬው የሚወጣለትና በእስር የሚታሰረው እዚያ ነው። ኪንግ ራሱ በ1940ዎቹ ሠርቶበታል። የአንድን ሰው ታሪክ ጉልበቱን በሸጠበት ቤት ውስጥ መናገር ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። አባባ ጡቡን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ አቧራው ግን ሳይገድላቸው አይቀርም" አሉ። ሙዚቃ ገና አልተነሳም፤ እሳቸው ግን ስለ ሠራተኞቹ ሳንባ እያሰቡ ነበር።

ጉብኝቱ በአጭር ፊልም ይጀምራል። ከዚያ ወደ ልጅነቱ ይገባል። እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

ራይሊ ኪንግ፣ ኋላ ቢ.ቢ. የተባለው፣ የተወለደው በ1925፣ ኢታ ቤና አጠገብ በርክሌር በሚባል ሰፈር ነው። አባቱ አልበርትና እናቱ ኖራ ኤላ የእኩል አራሾች ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ ተለያዩ። እናቱ ልጇን ይዛ ኪልሚካኤል ወደሚባለው ኮረብታማ አገር ሄደች። አሥር ዓመት ሳይሞላው ሞተች። ከዚያ ያሳደጉት አያቱ ኤልኖራ ናቸው። ልጁ ይንተባተብ ነበር። አንድ ክፍል ብቻ ባለው ትምህርት ቤት ተማረ፤ ጥጥ ሲደርስ ግን ትምህርት ይቆማል።

ለአባባ አሠራሩን ሳስረዳቸው ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ባርነት በ1865 ሲያበቃ ነፃ የወጣው ሰው ጉልበት እንጂ መሬት አልነበረውም። ባለ መሬቱ ደግሞ መሬት እንጂ የሚያርስለት አልነበረውም። ስለዚህ ባለ መሬቱ ማሳ፣ የሳንቃ ቤት፣ በቅሎና ዘር ይሰጣል። አራሹ ጥጡ እስኪደርስ የሚበላውን ዱቄትና ስብ ከእርሻው ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ዋጋውን የሚተምነው ባለ መሬቱ ነው፤ መዝገቡን የሚጽፈውም እሱ። ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳብ ይደረጋል። ከጥጡ ግማሹ የባለ መሬቱ ነው። ከአራሹ ግማሽ ላይ ዱቤው ከነወለዱ ይቀነሳል። የሚተርፍ ካለ ይሰጠዋል፤ ካልተረፈ ዕዳው ወደ ሚመጣው ዓመት ይሻገራል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ አይተርፍም።

አያቱ በ1940 ሲሞቱ ራይሊ 14 ዓመቱ ነበር። ከግማሽ ሄክታር ያነሰች አንዲት ኤከር ለብቻው ጥጥ ዘራ። ባለ መሬቱ ለቀለቡ በወር 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያበድረው ነበር። በመከር ሂሳቡ ሲሠራ ልጁ የ7 ዶላር ከ54 ሳንቲም ባለ ዕዳ ሆኖ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ አርሶ፣ ኮትኩቶ፣ ለቅሞ።

ይህን ስነግራቸው አባባ "መዝገቡን ማን ጻፈው?" አሉኝ።

"ባለ መሬቱ።"

"እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?"

ከዚያ ከዚህ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። ስንዴው አውድማ ላይ ሲሰፈር የባለ መሬቱ ወኪል የራሱን ቁና ይዞ ይመጣ ነበር። የኛ ቁና አይቀበልም። አሥራቱ ደግሞ ሰብሉ ሳይታጨድ ቆሞ እያለ በዓይን ይገመታል። በረዶ ቢመታው፣ ወፍ ቢበላው፣ ያው የተገመተው ይከፈላል። አያቴ ቁናው ሲሞላ ጠጋ ብለው ያዩ ነበር እንጂ አንድ ቃል አይናገሩም። አባባ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበርና አንድ ጎብኚ ዞር ብሎ አየን። እኔ ዝም አላሰኘኋቸውም።

ወደ ትራክተሩ እንምጣ። በ1943 ራይሊ ኢንዲያኖላ መጥቶ ጆንሰን ባሬት በሚባል ሰው እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ሆነ። በዚያ ዘመን በቅሎ ተከትሎ ከሚያርስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ትራክተር ነጂ የተከበረ ነው፤ ደመወዝተኛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ተመልምሎ ሳለ ከሠራዊቱ ወደ እርሻው የተመለሰውም ትራክተር ነጂ ስለሚፈለግ ነው። ቅዳሜ ማታ ጊታሩን ይዞ ቸርች ስትሪትና ሰከንድ ስትሪት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ይቆማል። መዝሙር የጠየቀው ሰው የራይሊን ራስ ዳበስ አድርጎ ይመርቀዋል፣ ሳንቲም ግን አይሰጥም። ብሉዝ የጠየቀው ሳንቲም ይጥልለታል። ወደ ብሉዝ ያዘነበለው በዚህ ነው ብሎ ራሱ ተናግሯል። አባባ እዚህ ላይ ከልብ ሳቁ። "የአዝማሪ ሽልማት ከዘፈኑ እንጂ ከመዝሙሩ አይመጣም" አሉ።

በ1946 አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ትራክተሩን አቁሞ ወረደ። ሞተሩ ግን ወዲያው አልጠፋም፤ ወደ ፊት ፈንጠር አለና የጭስ ማውጫው ከመጋዘኑ ጋር ተላትሞ ተሰበረ። ልጁ ፈራ። ጊታሩንና 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይዞ ወደ ሜምፊስ ጠፋ። እዚያ የዘመዱ የብሉዝ ተጫዋቹ ቡካ ኋይት ቤት ተጠጋ። ግን ተመልሶ መጣ። ባሬት ዘንድ ሠርቶ የሰበረውን ከፍሎ ጨረሰ። በ1948 ወደ ሜምፊስ የሄደው ዕዳ ሳይኖርበት ነው።

"ተመልሶ ከፈለ?" አሉ አባባ።

"ከፈለ።"

"የሰው ልጅ ነው" አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

አባባ ግን ትራክተር በመልካም አይነሳላቸውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ። ስንዴው ጥሩ ሆነ። ስንዴው ጥሩ ሲሆን ባለ መሬቶቹ ትራክተር ገዙ፣ ጭሰኛውን አስነሱ። የአባባ ቤተሰብ ከተነሡት አንዱ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሲታወጅ አያቴ አሰላ ከተማ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ሚሲሲፒም ከዚህ የተለየ አልሆነም። ኢንዲያኖላ ከመድረሳችሁ በፊት ክላርክስዴል አጠገብ ሆፕሰን የሚባል እርሻ አለ። በ1944 ጥጥ ከመዝራት እስከ መልቀም ሙሉ በሙሉ በማሽን ያመረተ እርሻ ነው። ከዚያ በኋላ አራሹ ትርፍ ሆነ። ቀድሞ የጀመረው ስደት ባሰበት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ቺካጎና ዲትሮይት ጎረፈ። ዛሬ የሚሲሲፒ ዴልታ በሚባለው በዚህ የጥጥ ሜዳ ስትነዱ ማሳው ማለቂያ የለውም፣ ሰው ግን አይታይም። ሙዚየም ከመግባታችሁ በፊት ይህን ባዶ ሜዳ ልብ በሉት። አባባ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው "ጎጆዎቹ የት ገቡ?" ብለው ነበር።

የሜምፊሱን ክፍል ቶሎ ነው ያለፍነው። ብዙ ሰው ለዚያ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ደብልዩ ዲ አይ ኤ የሚባለው የጥቁሮች ሬዲዮ ጣቢያ ላይ አስተዋዋቂ ሆኖ "ብሉዝ ቦይ" የሚለውን ስም ያገኘበት፣ ቢ.ቢ. የሆነበት ዘመን ነው። የጊታሩ የሉሲል ታሪክም አለ። በ1949 አርካንሳስ ውስጥ ትዊስት በምትባል መንደር ሲጫወት ሁለት ወንዶች ተደባድበው የጋዝ ምድጃ ገለበጡ፤ ቤቱ ነደደ። እሱ ከወጣ በኋላ ለጊታሩ ሲል ወደ እሳቱ ተመልሶ ገባ። ሰዎቹ የተጣሉባት ሴት ስሟ ሉሲል ነበር። እንዲህ ያለ ሞኝነት ዳግመኛ እንዳይሠራ ብሎ ጊታሩን በስሟ ጠራው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ይወዱታል።

እኔን ያቆመኝ 1956 ነው። በዚያ ዓመት 342 ቀን መድረክ ላይ ወጥቷል። በሳምንት ስድስት ሰባት ቀን ማሳ ላይ የኖረ ሰው ማረፍ አልተማረም። የሁለት ፈረቃ ሥራ የምንሠራ ሰዎች ይህን ቁጥር በሌላ ዓይን ነው የምናየው።

መጨረሻ ላይ ላስ ቬጋስ የነበረው የቤት ስቱዲዮው እንደነበረ ተሠርቶ ይታያል። ዕቃው የሥራ ሰው ዕቃ ነው። ትምህርት ያቋረጠው ልጅ እስከ እርጅናው ድረስ ራሱን ሲያስተምር እንደኖረ ያስታውቃል። ከዚያ መቃብሩ። በሜይ 2015 በ89 ዓመቱ ላስ ቬጋስ አረፈና አስከሬኑ እዚህ መጣ። ከመዳመጫው አጠገብ ነው የተቀበረው።

አባባ ይህን አልወደዱትም። "ሌላ ቦታ አጣ? ከዚህ ሁሉ አገር?" አሉ። በየዓመቱ እየመጣ ለከተማው ሰው ይጫወት እንደነበር ነገርኳቸው። አልመለሱልኝም። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከነዳን በኋላ በራሳቸው ጊዜ አነሱት። "እናቱም አያቱም እዚሁ ሚሲሲፒ አይደል የተቀበሩት? ሰው ጠቡ ከባለ መሬቱ ጋር ነው እንጂ ከመሬቱ ጋር ምን አለው" አሉ። ከዚያ አርሲ ያለውን ማሳ፣ አሁን ማን እንደሚያርሰው፣ የወንዙን አቅጣጫ ሳይቀር ሲያወሩልኝ አመሹ።

ስለ አገልግሎቱ፦ በር ላይ የተቀበሉን ሴትዮ አባባን እንደ ትልቅ ሰው አክብረው፣ ቀስ ብለው ነው ያነጋገሯቸው። ማንም አላቻኮለንም። በአማርኛ የተጻፈ ነገር የለም፤ ስለዚህ አስተርጓሚው እናንተ ናችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ልጅነቱ ትንሽ አንብቡ፤ ጽሑፍ እያነበቡ መተርጎም ያደክማል፣ ማውራት ግን አያደክምም። ከግማሽ ቀን ያነሰ ጊዜ አትያዙ። ምሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ መንገድ ላይ የበላነው የተጠበሰ ዓሣ ጨው በዝቶበት አባባ ውሃ ሲጠጡ ነው የዋሉት። ዳቦ ቆሎ ብንይዝ ይሻለን ነበር።

ከሜምፊስ በ61 መንገድ ወደ ደቡብ ውረዱ፣ ክላርክስዴል ላይ ወደ 49 ታጠፉ። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ምዕራቡን 49 (49W) ያዙ፤ በሱ ስትነዱ ፓርችማን እስር ቤትን አልፋችሁ ሩልቪል ትደርሳላችሁ። እዚያ ቁሙ። የጥቁሮች መብት ታጋይዋ የፋኒ ሉ ሄመር መቃብርና ሐውልት አለ። ለእኩል አራሽ ቤተሰብ ሃያኛና የመጨረሻ ልጅ ናት። በኦገስት 1962 የመራጭነት መዝገብ ላይ ለመመዝገብ በአውቶቡስ ኢንዲያኖላ ፍርድ ቤት ሄደች፤ በዚያው ማታ 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች። ኢንዲያኖላ ደግሞ በ1954 የነጭና የጥቁር መለያየትን ለማስቀጠል የነጮች ካውንስል የተመሠረተባት ከተማ ናት። ይህን ሳታውቁ ሙዚየሙ ብቻ ቢታይ ከተማዋ ደግ ብቻ ትመስላለች።

ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ በኦክቶበር ሂዱ። ጥጡ ያኔ ማሳ ላይ ነው። እኛ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘነውን አንድ ፍሬ አባባ አንስተው በጣታቸው ፈለፈሉት። የደረቀው ልባስ ጫፍ ጫፉ እንደ እሾህ ይወጋል፤ ጥጡን ከውስጡ ለማውጣት ጣት መግባት አለበት። ወላጆቻችሁ ይህን በእጃቸው ይንኩት፣ ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ይግቡ።