«ሙሉ የሮኬት ኪት» የሚለውን ማስታወቂያ አይታችሁ ብር እንዳትልኩ

ወላጆች፣ የሳይንስ ክበብ አስተማሪዎች፣ በትርፍ ጊዜያችሁ መገጣጠም የምትወዱ ሁሉ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ሻጭ በቴሌግራም «ሙሉ የሮኬት ኪት፣ መካከለኛ ኃይል» እያለ በ19,500 ብር የሚሸጠውን፣ ገጣጥማችሁ የምታስወነጭፉት ትንሽ ሮኬት ያለበትን ሳጥን አትግዙ። ብሩ ያበሳጫል። ከሳጥኑ ጋር «የአገር ውስጥ ሞተር» ብሎ የሚያቀርበው ቧንቧ ግን የልጅ እጅና ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። ለመጻፍ ያስቸኮለኝም እሱ ነው።

አራት ኪሎ የምትኖር ጎረቤቴ ለልጇ ገዝታለት ነው ያየሁት። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ስለ ሮኬት አውርቶ አይጠግብም። ልጆች ሮኬት ሲሠሩ እንደማግዝ ስለሚያውቁ ሳጥኑን ይዘው ቤቴ መጡ። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ሞተሩ፣ ማለትም ነድዶ ሮኬቱን ወደ ላይ የሚገፋው ክፍል፣ የለም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ሞተር ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ የትም አገር እንደዚያ ነው» አለኝ። ይሄ እንኳ እውነት አለው። ውጭ አገርም አብዛኛው ኪት ያለ ሞተር ነው የሚሸጠው። ነገር ግን እዚያ ሳጥኑ ላይ በግልጽ ይጻፋል፣ ሞተሩንም ከዚያው ሱቅ ታገኙታላችሁ። እዚህ «ሙሉ» ብሎ አስተዋውቆ፣ ብሩን በቴሌብር ተቀብሎ፣ ያለ ደረሰኝ ሸጦ ከዚያ በኋላ «ለብቻው ነው» ማለት ማታለል ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ያስቀምጣል።

ቀጥሎ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንደኛው ቅድሚያ ግማሽ ክፈሉና ሞተሩ ከዱባይ በሰው ሻንጣ ይመጣል የሚል ነው። አትክፈሉ። የሮኬት ሞተር በአደገኛ ዕቃ ምድብ ከፈንጂ ወገን የሚመደብ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ሰውየው እውነቱን ከሆነ ሙሉ አውሮፕላን ሕዝብ ላይ አደጋ ሊጭን ነው። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ ብራችሁ ሄደ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ፎቶ ላከልኝ። የብረት ቧንቧ ነው፣ ሁለቱም ጫፉ ተደፍኗል፣ ከአንዱ ጫፍ በክብሪት የሚለኮስ ክር ወጥቷል። «እዚሁ የሚሠራ ነው፣ ተሞክሯል» አለ። ወገኖቼ፣ ይህ ሞተር አይደለም። ውስጡ የታሸገው ነገር ግፊቱን በትክክል ካላስተነፈሰ ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪው በየአቅጣጫው ይበተናል። ክር ከለኮሳችሁ በኋላ ደግሞ ሰው ቢመጣ ማቆም አትችሉም። ትክክለኛው ሞተር በኤሌክትሪክ፣ ከርቀት፣ ቁልፍ ባለው መቆጣጠሪያ የሚለኮሰው ለዚህ ነው። ለዚህ መጠን ሮኬት የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር (NAR) ደንብ ቢያንስ 9 ሜትር ራቁ ይላል።

ታሪኩንም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወጣቶች ቧንቧ ውስጥ የሚቀጣጠል ነገር እየጠቀጠቁ ይጎዱ ነበር። ኦርቪል ካርላይል የሚባል ጫማ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1954 ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ በፓራሹት የሚወርድ ትንሽ ሮኬት ሠራ። ከዚያ ሃሪ ስታይን የሚባል የሮኬት መሐንዲስ ከሱ ጋር ተገናኝቶ እ.ኤ.አ. በ1957 የሞዴል ሮኬት ኩባንያ አቋቋመ፤ ቀጥሎም ሞተሩ በፋብሪካ መመረት ጀመረ። የሞዴል ሮኬት ሐሳብ የተወለደው ልጆች በእጃቸው የተጠቀጠቀ ቧንቧ እንዳይነኩ ነው። ሻጫችን ልጆቹን ወደዚያው ቧንቧ እየመለሳቸው ነው።

ሞተሩን ትተን ሳጥኑን ብቻ እንይ ብትሉ፣ እሱም አያወጣም። መካከለኛ ኃይል የሚባሉት ሞተሮች ኢ፣ ኤፍ እና ጂ ናቸው። ፊደሉ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር የጠቅላላ ጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል፤ ኢ እስከ 40፣ ኤፍ እስከ 80፣ ጂ እስከ 160 ኒውተን ሰከንድ ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አማካይ ግፊቱን፣ ማለትም ሮኬቱን የሚገፋበትን ኃይል፣ በኒውተን ይነግራችኋል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ነድዶ ካበቃ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወረወር ያለውን ሰከንድ ነው። የሻጩ መመሪያ ኤፍ 15-4 ተጠቀሙ ይላል። ሮኬቱን ገጣጥመን መዝነን የሞተሩን ክብደት ስንደምርበት 900 ግራም መጣ። በደህና ለመነሳት ግፊቱ የክብደቱን አምስት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመከራል። ለ900 ግራም ይህ 44 ኒውተን ገደማ ነው። በ15 ኒውተን፣ ሲነሳ ቀጥ እንዲል ከሚመራው ማስወንጨፊያ ዘንግ ላይ እየተንቀረፈፈ ይወጣና ወደ ጎን ይዘነበላል፤ ከዚያ ወደ ሰው ነው የሚሄደው። መመሪያውን የጻፈው ሰው ሮኬቱን አልመዘነውም ማለት ነው።

ሚዛኑንም ሞከርነው። የሮኬት ክብደት ማዕከል፣ የነፋሱ ግፊት ከሚያርፍበት ማዕከል ቢያንስ በቱቦው አንድ ውፍረት ያህል ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። በቤት ለመፈተሽ በሞተሩ ምትክ እኩል ክብደት ያለው ጭቃ ከታች ትጨምሩና፣ ሮኬቱ ተንጠልጥሎ በሚመጣጠንበት ቦታ ገመድ አስራችሁ ዙሪያችሁን ታሽከረክሩታላችሁ። ደህና ሮኬት አፍንጫውን አስቀድሞ ይዞራል። ይኼኛው ተገለባበጠ። አፍንጫው ውስጥ መኖር የነበረበት ክብደት የለም። ልጁ ራሱ «ጋሼ፣ ይሄ ቢተኮስ ወደኛ ይመለስ ነበር» አለ። በትክክል ገብቶታል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ክንፎቹ ካርቶን ናቸው። ማስወንጨፊያ ዘንጉ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለትንንሾቹ እንጂ ለዚህ ክብደት አይሆንም፣ ከ5 እስከ 6 ይፈልጋል። ፓራሹቱ ፌስታል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓራሹት እዚህ ከቆላ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፣ እንዲያውም ሰፋ ያለ ያስፈልጋል።

ጎረቤቴ «የት እንተኩሰው?» ስትለው ሻጩ «ጃንሜዳ ውሰዱት» ብሏታል። ያው የአሜሪካው ማኅበር ደንብ ለኢ፣ ኤፍና ጂ ሞተር በጠባቡ ጎኑ እንኳ 300 ሜትር የሆነ ባዶ ሜዳ ይጠይቃል። ባዶ ማለት ሰው የሌለበት ነው። ጃንሜዳ ግን ሯጭ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ተማሪ አለ፤ ዙሪያውን ቤት ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ በሰከንድ 5 ሜትር የሚወርድ ሮኬት አንድ ደቂቃ አየር ላይ ይቆያል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ 300 ሜትር ርቆ ያርፋል፤ ያ ማለት የሰው ቆርቆሮ ወይም የመብራት ሽቦ ላይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ሩቅ አይደለም። ያለ ፈቃድ ከተማ መሃል የሚነድ ነገር ወደ ሰማይ መልቀቅ ልጃችሁን ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርሰው ይችላል።

ልጅ ተስፋ አድርጎ ባዶ እጁን ሲቀር ያሳዝናል። ስለዚህ ከዚሁ ልጅ ጋር የውሃ ሮኬት ጀምረናል። የለስላሳ ጠርሙስ፣ ውሃና የብስክሌት ፓምፕ ይበቃል። ስሱን የውሃ ሃይላንድ ግን አትጠቀሙ፤ የለስላሳው ለጋዝ ግፊት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ይሻላል። ክንፍ፣ አፍንጫ፣ ሚዛን፣ ፓራሹት ሁሉንም እዚያ ላይ ይማራል። ግፊቱን ከረጅም ቱቦ ጫፍ ሆናችሁ ሙሉ፣ ፊታችሁን አታስጠጉት።

ጎረቤቴ ብሯን እስካሁን አልተመለሰላትም። ሻጩ የቻናሉን ስም ቀይሯል። ፎቶው ግን ያው ነው፦ ቀይና ነጭ ሮኬት፣ ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከሥሩ «ውስን ፍሬ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ። የገዛችሁ ካላችሁ የቴሌብር መልእክቱንና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንስታችሁ ያዙ። ቧንቧውን የወሰዳችሁ ደግሞ አትክፈቱት፣ አትለኩሱት፣ ቤት ውስጥም አታስቀምጡት፤ ልጆቹን አርቃችሁ ለፖሊስ ደውሉ።