ልምድም ዋስም ሳይኖረኝ ሁለት ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ሞከርኩ
ዲፕሎማ አለኝ፣ የሥራ ልምድ ግን የለኝም። ዋስ የሚሆነኝ ዘመድም አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ ነው። ግድግዳው በሙሉ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው፦ ካሸር፣ አስተናጋጅ፣ ሞግዚት። ልጅቷ ሲቪዬን እንኳን ሳታይ «መመዝገቢያ 500 ብር» አለችኝ። ደረሰኝ ስላት ከደብተር ገጽ ቀዳ ጻፈችልኝ፣ ማኅተም የለው ምን የለው። ከዚያ ሦስት ቦታ ላከችኝ፣ ሦስቱም ጋ የሁለት ዓመት ልምድና ደመወዝተኛ ዋስ ጠየቁኝ። እንደሌለኝ እኮ ቀድሜ ነግሬያታለሁ! በጣም ነው ያናደደኝ፣ ያ ብር የታክሲዬ ነበር። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ምንም መቀበል አይችልም።

ሁለተኛው ሜክሲኮ ነው። ቢሮው ጠባብ ነው፣ ወረፋውም ያሰለቻል። ሰውየው ግን ብር አልጠየቀኝም፣ እዚያው ፊቴ ስልክ አንስቶ «ልምድ የላትም፣ ዋሷም ክፍለ ሀገር ነው ያለው፣ ይሆናል?» ብሎ ቀጣሪውን ጠየቀልኝ። አራተኛው የደወለለት ቀጣሪ እሺ አለ። አሁን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ካሸር ነኝ፣ የሙከራ ጊዜዬ 60 የሥራ ቀን ነው፣ 22ቱን ጨርሻለሁ።