ከሺንጁኩ ግርግር ጀርባ፦ ለሱሉልታ ሯጮችና አብረዋቸው ለሚጓዙ

እዚህ ሱሉልታ ማለዳ ልምምድ ከሚሠሩት አትሌቶች መካከል ለቶኪዮ ማራቶን የሚጓዙ አይጠፉም፤ ብርሃኑ ለገሰ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 በተከታታይ ያሸነፈው ይህንኑ ውድድር ነው። ሩጫው የሚጀመረው ሺንጁኩ በተባለው ሰፈር፣ በከተማው አስተዳደር ሕንፃ አጠገብ ስለሆነ ተጓዦቻችን ሰፈሩን ሳይረግጡ አይመለሱም። የሚቆጨኝ፣ ብዙዎቹ ከ200 በላይ መውጫ ያለውን የባቡር ጣቢያና የማስታወቂያ መብራቱን ብቻ አይተው መምጣታቸው ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ጎብኚ ልብ ሳይለው የሚያልፈው አንድ አውራ ጎዳና ነው። ከጣቢያው በደቡብ በኩል ሲወጡ የሚያገኙት ኮሹ ካይዶ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቁን ለመውሰድ የሮጠበት መንገድ ነው። ሯጮቹ በዚህ መንገድ ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ቶቢታኪዩ ላይ ዞረው ወደ ስታዲየሙ ሲመለሱ አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ቀዳሚ ሆኖ ገብቷል። መዞሪያው ላይ ዛሬ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ተሳፍሮ ቶቢታኪዩ ጣቢያ መውረድ፣ ከዚያም ወደ ጎዳናው ጥቂት በእግር መሄድ ይበቃል። ትልቅ ሐውልት የሚፈልግ ሰው ሳያየው ሊያልፍ ስለሚችል የመንገዱን ዳር አስተውሎ መሄድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ሆኖ እስከዚያ ደርሶ ይህን ሳያዩ መመለስ በእውነት ያሳዝናል።

ከውድድሩ በኋላ እግርን ለማሳረፍ ሺንጁኩ ግዮየን የተባለውን የአትክልት ስፍራ የሚያህል የለም። ቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ የነበረው ይህ 58.3 ሄክታር ስፍራ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። መግቢያው ለአዋቂ 500 የን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ዝግ ነው። የአልኮል መጠጥ ይዞ መግባት ስለሚከለከል በጣም ጸጥ ያለ ነው፤ በየካቲት መጨረሻ ቀድመው የሚያብቡ የቼሪ ዛፎች ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠው ቀና ሲሉ፣ ከቅርንጫፎቹ በላይ ባለ ሰዓቱ የዶኮሞ ሕንፃ ይታያል። ለዋጋው እጅግ የሚመሰገን ነው።

ገንዘብ መቆጠብ ለሚፈልግ፣ የአስተዳደሩ ሕንፃ 45ኛ ፎቅ፣ 202 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው መመልከቻ በነፃ ነው፤ ሰማዩ በጠራ ማለዳ የፉጂ ተራራ ይታያል። ጎልደን ጋይ የተባለውን የመጠጥ ቤቶች መንደር ግን የምመክረው በጥንቃቄ ነው። በስድስት ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ፣ ብዙዎቹ ከአሥር ሰው በላይ የማይዙ መጠጥ ቤቶች አሉ፤ ውበቱ አያጠያይቅም፣ ነገር ግን ብዙዎቹ ለመቀመጫ ብቻ ተጨማሪ ሒሳብ ስለሚያስከፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ሳያዩ መግባት አይገባም። አጠገቡ ያለው የሃናዞኖ ቤተ መቅደስ ግቢ ያለ ክፍያ ይጎበኛል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማራቶኑ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ሥጋ የሌለበት የሚመስለው የሶባና የኡዶን (የጃፓን ፓስታ ዓይነቶች) ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ አለበት፤ ስለዚህ በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው ነጭ ሩዝና የተቀቀለ አኩሪ አተር እሸት ቢያዝ ይሻለዋል።