«ቋ!»፦ የሚስተካከል አሞርዛተር ከገጠምኩ 11 ወር ሆነኝ

ድምፁ የጀመረው በአራተኛው ወር ነው። መሪውን ሙሉ ለሙሉ አዙሬ ከመኪና ማቆሚያ ቀስ ብዬ ስወጣ ከግራ የፊት ጎማ በኩል «ቋ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ድንጋይ ረግጬ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ እዚያው ቦታ፣ መሪው እንደዚያው ሲዞር፣ አሁንም «ቋ»። በሳምንቱ እናቴን ይዤ ስሄድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሁለቴ ደጋገመው። እሷም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «ልጄ፣ ይህቺ መኪና ከሥሯ የሆነ ነገር ሊወድቅባት ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሬዲዮ ከፍቼ ነድቼ አላውቅም። ጆሮዬ ሌላ ሥራ አግኝቷል።

ስለዚህ ይህ ግምገማ ከሚገባው በላይ ስለ አንድ ድምፅ ነው። 14,000 ኪሎ ሜትር ያለ እንከን የሠራውን ሁሉ ትቶ ስለ «ቋ» ማውራት ፍርደ ገምድልነት ነው የሚለኝ ካለ፣ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና አብረን እናዳምጥ።

መኪናዬ የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቷት፣ ባዶዋን 1,050 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ መኪና ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ታመላልሰኛለች፤ አልፎ አልፎ በእረፍት ቀን ደግሞ ወደ ውድድር ትራክ ይዣት እገባለሁ። ዋንጫ የለም፣ ዳኛ የለም፤ የራስን መኪና ያለ እግረኛና ያለ ትራፊክ መብራት አቅሟ እስከፈቀደ መንዳት ብቻ ነው። በፋብሪካ አሞርዛተሯ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። መታጠፊያ ላይ እንደ ጀልባ ትጋደል ነበር። የፊት ጎማዎቿ የውጪ ጠርዝ በአንድ ቀን ጥርሱ አልቆ ለሰለሰ፤ የውስጡ ጠርዝ ግን ገና ከመጋዘን የወጣ ይመስል ነበር። አሞርዛተር ይቀየር የሚለውን ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ያስገባው ያ ጎማ ነው።

የገዛሁት የሙያው ሰዎች ኮይሎቨር የሚሉትን ነው። ሞሌው፣ ማለትም ጥቅልሉ ስፕሪንግ፣ አሞርዛተሩን ከብቦ ይቀመጣል፤ የአሞርዛተሩ አካል ላይ እንደ ብሎን ጥርስ ወጥቶለታል፤ የሞሌው መቀመጫ የሆነው ቀለበት በዚያ ጥርስ ላይ እየዞረ መኪናዋን ከፍና ዝቅ ያደርጋታል። የፊት ሞሌዎቹ ጥንካሬ፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር ለመጭመቅ የሚጠይቁት ጉልበት፣ 60 ኒውተን ነው፤ ከፋብሪካዎቹ እጥፍ ገደማ። አናቱ ላይ 24 ደረጃ ያለው ማጠንከሪያ አለው። አሞርዛተሩ ከላይ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚታሰርበት ቦታ ደግሞ በፋብሪካው ወፍራም ላስቲክ ፋንታ ኳስ የመሰለ የብረት ኩሽኔታ ገብቷል። ኩሽኔታው የተቀመጠው በሚንሸራተት ሰሌዳ ላይ ስለሆነ የጎማውን ዘንበል ማለት፣ ካምበር የሚሉትን፣ እንደ ልብ መቀየር ይቻላል። ይህቺን ኩሽኔታ ልብ በሉልኝ።

ሻጩ ያሳየኝ ፎቶግራፍ ላይ ያለችው መኪና መሬት ልትልስ ምንም አልቀራትም። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣት አይገባም። «ዝቅ ባለች ቁጥር የስበት ማዕከሏ ይወርዳል፣ መሬት ትይዛለች» አለኝ። እውነቱን ልናገርና የስበት ማዕከሉ አላሳሰበኝም፤ የወደድኩት ፎቶግራፉን ነው። ቀለበቱን አዙሬ 45 ሚሊሜትር አወረድኳት። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ሦስት ጊዜ ዞርኳት። አምራ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ትራክ ላይ ግን ማማር አያዞርም። ረጅሙን ቀጥታ ጨርሼ፣ ፍሬን ይዤ፣ ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ መሪውን ስጠመዝዝ አገባቧ ጥሩ ነው። መታጠፊያው እኩሌታ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ከታች የገፋት ይመስል የፊት ጎማዎቹ ይለቁና አፍንጫዋ ወደ ውጪ ይሄዳል። መሪ ብጨምር ጩኸት ነው የሚጨምረው። ጎማው አልሞቀም አልኩ። ንፋስ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ። ማጠንከሪያውን ከ12 ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 ወሰድኩት፤ ባጠነከርኩት ቁጥር ባሰባት። የመታጠፊያውን ባለ ቀለም ጠርዝ ስትረግጥ እንደ ፌንጣ ትዘል ጀመር። በፋብሪካው አሞርዛተር ከያዝኩት ሰዓት ዘግይቼ ቀኑን ጨረስኩ። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ያቺ «ቋ» ባትመጣ ኖሮ አሁንም ጎማ እየወቀስኩ እኖር ነበር። ድምፁን ፍለጋ አንድ ቅዳሜ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጎማውን ፈታሁና ሥር ገባሁ። የማረጋጊያ ዘንጉን ማያያዣ ነቀነቅኩ፤ ደህና። ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን የታችኛውን ክንድ በብረት ፈለቀቅኩ፤ ደህና። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ሁሉም ጠብቀዋል። ልወጣ ስል ዓይኔ አሞርዛተሩ ላይ አረፈ። መካኒኩ ሲገጥም በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ቀጭን ጥቁር የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮበት ነበር። ዘንጉ ወደ አሞርዛተሩ ሲገባ ማሰሪያዋ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ሲወጣ ግን እዚያው የደረሰችበት ትቀራለች። አሞርዛተሩ እስከ የት እንደተጫነ ምስክር ናት ማለት ነው። ምስክሬ የት ተገኘች? እስከ መጨረሻው ወጥታ፣ የአሞርዛተሩን ጉዞ መጨረሻው ላይ የሚያቆመው መግቻ ላስቲክ ውስጥ ተሰንቅራ፣ ወገቧ ተሰብሮ። ላስቲኩ ላይ ቅርጿ እንደ ማኅተም ታትሟል። በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣኋትና መዳፌ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየኋት።

መኪናዋን አውርጄ በጎማዎቿ ቆማ ስለካው በአሞርዛተሩና በመግቻው ላስቲክ መካከል የቀረው ክፍተት 22 ሚሊሜትር ነበር። ሒሳቡ የልጅ ነው፦ 22 ሚሊሜትር በ60 ኒውተን ሲባዛ 1,320 ኒውተን፣ ማለትም 135 ኪሎ ግራም ገደማ። ፍሬን ይዤ ስታጠፍ የውጪኛው የፊት ጎማ ላይ የሚጨመረው ጭነት ይህንን በቀላሉ ያልፋል። ሞሌው ሥራውን ሳይጨርስ መኪናዋ ላስቲኩ ላይ ትቀመጣለች፤ ላስቲኩ ሲጨመቅ ደግሞ ከሞሌው በብዙ እጥፍ ይደድራል። በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬቱን መከተል ያቆማል። «አንድ ነገር ከታች ገፋት» ያልኩት ነገር ይኸው ነው። ብዙ ሽክርክሪት ያለው ማጠንከሪያ የያዘ አሞርዛተር ገዝቼ የምነዳው በሁለት ቁራጭ ላስቲክ ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። የመኪናዬ የፊት አሠራር ማክፈርሰን የሚባለው ነው፤ ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ያፈለቀው፣ ዛሬም አብዛኛዎቹ ትናንሽ መኪኖች ፊታቸውን ያቆሙበት። ቀላልና ቦታ ቆጣቢ ነው፤ ከልክ በላይ ዝቅ ማለትን ግን አይወድም። የታችኛው ክንድ ጎማ ያለበት ጫፉ ከሌላኛው ጫፉ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ መኪናዋ ስትጋደል የጎማው አናት ወደ ውስጥ በማዘንበል ፋንታ ወደ ውጪ መውደቅ ይጀምራል። ያኔ የጎማው የውጪ ጠርዝ ብቻ ይበላል። መኪናዋ የምትጋደልበት ምናባዊ ማዕከልም ከስበት ማዕከሏ በበለጠ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ የሚያጋድላት ጉልበት ይጨምራል። ወንድሜ ሻጩ፣ የስበት ማዕከሉ መውረዱን ነገርከኝ፤ ሌላኛው ማዕከል ከእርሱ ቀድሞ እንደሚወርድ ግን ዝም አልክ። ወይ አታውቅም፣ ወይ ፎቶግራፉን እንደወደድኩት ከፊቴ አንብበሃል።

በ25 ሚሊሜትር መልሼ ከፍ አደረግኳት። ክፍተቱ 47 ሚሊሜትር ሆነ። የታችኞቹን ክንዶች ብሎኖች አላልቼ፣ መኪናዋ በጎማዎቿ ቆማ እያለ እንደገና አጠበቅኩ፤ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የክንዱ ማሰሪያ ላይ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ካምበሩን ከላይ ወደ ውስጥ 2.5 ዲግሪ አዘነበልኩ። ካምበር ሲነካ የጎማዎቹ አቅጣጫም አብሮ ስለሚዛባ አላይመንት አሠራሁ። የፊት መብራቱን ከፍታም አስተካከልኩ፤ ይህንን የሚረሳ ብዙ ነው። ማጠንከሪያውን ከለስላሳው ጫፍ ቆጥሬ 9 ላይ አደረግኩት።

በዚያው ትራክ፣ በዚያው ጎማ፣ አንዱን ዙር ከአንድ ሰከንድ በላይ አሻሻልኩ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አፍንጫዋ እስኪያመልጥ ስጠብቅ ሳታመልጥ ወጣች፤ እኔ ነኝ የደነገጥኩት። ፍሬኑን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይዣት ስገባ ትታዘዛለች፣ ነዳጅ ቶሎ ስሰጣት ትቀበላለች። ማሰሪያዋን አዲስ አስሬባት ነበር፤ ከላስቲኩ 6 ሚሊሜትር ሲቀራት ቆማለች። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አሁን ሁለት ጣት ይገባል። ጎረቤቴ «ምነው፣ መለስካት እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው።

ስለ 24ቱ ደረጃዎች ከተጠየቅኩ፣ ከ1 እስከ 6 ያለው አንድ ነው፤ ከ16 በላይ ያለው ጥርስ ለማርገፍ ካልሆነ ለምን እንደተሠራ አልገባኝም። በእነዚህ 11 ወራት የተጠቀምኩት ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ቁጥር ሲበዛ ዕቃው የረቀቀ ይመስላል፣ ሌላ ፋይዳ አላየሁበትም።

ወደ ድምፁ ልመለስ። መኪናዋ ከፍ ስትል ጉብታ ላይ የሚሰማው ጠፋ፤ መሪ ሲዞር የሚሰማው ግን አለ። ታናሽ ወንድሜን መሪው ላይ አስቀምጬ ኮፈኑን ከፍቼ ጣቴን የአሞርዛተሩ አናት ላይ አሳረፍኩ። «ወደ ግራ... ቀስ ብለህ... አሁን መልስ።» ከጆሮዬ ቀድሞ ጣቴ ሰማው፤ ከብረቱ ውስጥ አንዲት ስስ ንዝረት፣ ከዚያ «ቋ»። ያቺ ኩሽኔታ ናት። ስፈታት ሽፋኗ አልቆ፣ ውስጧ ውኃና አቧራ ተቦክቶ እንደ ቡና አተላ ሆኗል። ከላይ ክዳን የላትም። ዝናብ ከኮፈኑ ጠርዝ ሾልኮ በቀጥታ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፤ አሥር ሳንቲም የማይሞላ የላስቲክ ቆብ ግን ማንም አላሰበላትም።

ለሻጩ ነገርኩት። «የውድድር ዕቃ ነው፣ ትንሽ ድምፅ ያሰማል» አለ። እኔ ግን የገዛሁት ማሸጊያው ላይ «ለመንገድም ለትራክም» የሚለውን አንብቤ ነው። የውድድር መኪና በየጥቂት ቀኑ ተፈትቶ ይታያል፣ ዝናብ ውስጥም አያድርም። መንገድ ከተባለ ዝናብ አለ፣ አቧራ አለ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ የምትይዝ እናት አለች። «ትንሽ ድምፅ» ስትሰማው የምትውለው አንተ ስላልሆንክ ትንሽ መሰለችህ። ይህንን ሁሉ በስልክ አላልኩትም፤ ከዘጋሁት በኋላ፣ መሪ ይዤ ብቻዬን ስሆን ነው የመጣልኝ።

ይገዛል ወይ ለሚለኝ መልሴ እንደ ቀኑ ነው። ከትራክ የተመለስኩ ማታ ከጠየቃችሁኝ፣ ዳግመኛ እገዛዋለሁ፣ የፋብሪካውን አሞርዛተር ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም። ሰኞ ጠዋት ከመኪና ማቆሚያ ስወጣ ከጠየቃችሁኝ ግን ገንዘቡን ለጥሩ ጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለአዲስ የፍሬን ዘይት አውጥቼ ካምበር ብቻ ባስተካከልኩ ነበር እላለሁ። ይህንን የምጽፈው ሰኞ ነው።

የግራዋን ኩሽኔታ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀየርኳት፤ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪያ የቆረጥኩትንም ቆብ ደፋሁባት። ጸጥ አለች። እናቴም አንድ ጊዜ ተሳፍራ ምንም ሳትል ወረደች። ዛሬ ጠዋት መሪውን ሙሉ ለሙሉ አዙሬ ከማቆሚያው ቀስ ብዬ ስወጣ ግን «ቋ» አለ፤ በቀኝ በኩል።