ሲዝኑ አለቀ ወይስ ገና ነው? የፋንግራፍስ የፕሌይኦፍ ሠንጠረዥ ሲገመገም

የቤዝቦሉ ቡድን የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ከሆናችሁ ክርክሩን ታውቁታላችሁ። ቡድኑ ገና በጸደይ ተደራርቦ ይሸነፋል። ግማሹ ሰው «በቃ፣ የዘንድሮው ተበላ» ይላል። ሌላው ግማሽ «2019ን ረሳችሁት እንዴ?» ብሎ ይነሳል። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም።

በዚህ መሃል ስልኩን አውጥቶ ቁጥር የሚያነብ ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚያነበው ፋንግራፍስ ከሚባለው የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ነው፤ ቁጥሩም ቡድኑ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለዋንጫ የሚደረገው የመጨረሻ ዙር፣ የመግባት ዕድሉ ነው። እኔም ከዚያው ነው የማነበው፤ ስለዚህ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ልንገራችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ የቀሩትን ጨዋታዎች በሙሉ 20,000 ጊዜ ያጫውታቸዋል። ቡድናችሁ ከዚያ ውስጥ 1,000 ጊዜ ፕሌይኦፍ ከገባ፣ ዕድላችሁ 5 በመቶ ነው ማለት ነው። የተጫዋቾቹን አቅም የሚወስደው ዚፕስና ስቲመር ከሚባሉ ሁለት የትንበያ ቀመሮች ነው። ማን ምን ያህል እንደሚጫወትም ይገምታል። በየቀኑ ይታደሳል። በነፃ ይታያል፤ ማስታወቂያ የሰለቸው ደግሞ አባል መሆን ይችላል።

ዋናው ጥቅሙ የሚታየው በሲዝኑ መጀመሪያ ነው። አንድ ቡድን 162 ጨዋታ ይጫወታል። ቀመሩ በኤፕሪል ሽንፈት አይደነግጥም፤ በኤፕሪል ድልም አይጨፍርም። ደጋፊ ግን ሁለቱንም ያደርጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡና የምንጠጣበት ቤት፣ ክርክሩን የሚመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ የ«ተበላ» ጎራ አለቃ። ሌላው እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ። ባለፈው እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ እኮ ነው ዋንጫ የበላው!»

«አንተ ልጅ፣ ያኔ ሸርዘር ነበር። ስትራስበርግ ነበር። አሁን ማን አለህ?»

ሸርዘርና ስትራስበርግ የያኔዎቹ ኮከብ ኳስ ወርዋሪዎች (ፒቸሮች) ናቸው። ልጁ ዝም አለ። ለነገሩ የሁለቱም ልክ ነው። ናሽናልስ በ2019 ከ50 ጨዋታ 31ዱን ተሸንፎ፣ አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር ሲባል ከርሞ፣ 93 ለ69 (93 አሸንፎ፣ 69 ተሸንፎ) ጨረሰ። በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም ምድባቸውን ላላሸነፉ ጥሩ ቡድኖች በሚሰጠው ቦታ፣ ገባ። ሚልዋኪን፣ ዶጀርስን፣ ካርዲናልስን፣ በመጨረሻም ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ ጣለ። ዋሽንግተን በቤዝቦል ዋንጫ ስታነሳ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ግን የጋሼን ጥያቄ ልብ በሉ። «ማን አለህ?» ነው ያሉት። ሠንጠረዡም በየቀኑ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ውጤቱን ብቻ አያይም፤ ሜዳ የሚገቡትን ሰዎች ይመዝናል። ጋሼ ያለ ኮምፒውተር ነው የሚሠሩት እንጂ ቀመራቸው ያው ነው።

አሁን ብዙ ሰው ሳያየው ወደሚያልፈው ነገር ልምጣ። ሠንጠረዡ ከዋናው ስሌት ሌላ አማራጮች አሉት። አንደኛው የሳንቲም ውርወራ ነው። እዚያ ውስጥ ጎበዝ ቡድን፣ ሰነፍ ቡድን የሚባል የለም፤ እያንዳንዱ ቀሪ ጨዋታ 50 በ50 ነው። የሚቀረው እስካሁን ያገኛችሁት ውጤትና የቀረው መርሐ ግብር ብቻ ነው። ቀልድ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ለምሳሌ ሳንቲሙ 9 በመቶ ሰጥቷችሁ ዋናው ስሌት 2 በመቶ ከሰጣችሁ፣ ችግሩ እስካሁን የተሸነፋችሁት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ተጫዋቾቻችሁን አልወደዳቸውም። ከዚህ በኋላም ይሸነፋሉ እያለ ነው። ተገላቢጦሹ ከሆነ፣ ማለትም ዋናው ከሳንቲሙ ከበለጠ፣ ማሽኑ ከዚህ በኋላ ያሸንፋሉ እያለ ነው። ያኔ «ገና ነው» የሚለው ሰው ባዶ እጁን አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ግማሹን ክርክር ይጨርሳል። የዘንድሮን ስታቲስቲክስ ብቻ የሚጠቀም ሌላ አማራጭም አለ፤ እሱን በኤፕሪል አትክፈቱት፣ ያሳብዳል።

ትንሽ ቁጥር ሲያዩ «ዜሮ ነው» የሚሉ አሉ። ዲትሮይትን ጠይቁ። ታይገርስ በ2024 ፒቸራቸውን ጃክ ፍላሄርቲን ለዶጀርስ ሸጡ። ኦገስት ላይ 55 ለ63 ነበሩ፤ ይኸው ሠንጠረዥ 0.2 በመቶ ሰጣቸው። ከ20,000 ውስጥ 40 ጊዜ ማለት ነው። 86 ለ76 ጨርሰው ገቡ፤ ሂውስተንንም አሰናበቱ። አንዳንዱ ይህን ይዞ «ማሽኑ ውሸታም ነው» ይላል። አልዋሸም። 40 ጊዜ ይሆናል ብሎ ነበር፣ ከ40ዎቹ አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት ዋይት ሶክስ 121 ጨዋታ ተሸነፈ፤ እዚያ ቺካጎ ማሽንም ክርክርም የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የሚጎድለው ነገር ግን አለ፣ እሱም ትልቅ ነው። ቤዝቦል ውስጥ ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ የለም። በእግር ኳስ ታች ያለ ቡድን ላለመውረድ ይሞታል። እዚህ ታች ያለ ቡድን ተጫዋቾቹን ይሸጣል። ስለዚህ በጁላይ «አለቀ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ደጋፊ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱና ሥራ አስኪያጁም ናቸው። መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ኮከባችሁ ይሄዳል። ኦገስት 2 ቀን 2022 ሁዋን ሶቶ ወደ ሳንዲያጎ የሄደው እንዲህ ነው። ናሽናልስ ያን ዓመት 107 ጨዋታ ተሸነፈ። በልዋጩ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ ከመጡት መካከል ነበሩ። ሠንጠረዡ ነገ ማን እንደሚሸጥ አያውቅም፤ ዛሬ ባለው ሰው ነው የሚያሰላው። የዝውውሩ መዝጊያ እየቀረበ ሲመጣ 6 በመቶን አይታችሁ አትጽናኑ። ስድስቱ የተሰላው ያ ተጫዋች አብሮ እንደሚቆይ ተደርጎ ነው።

ሌላው ከነጥብ በኋላ ያለችው አኃዝ ናት። ትናንት 11.3፣ ዛሬ 9.8። አንድ ጨዋታ ነው እኮ! ሰው ግን የደም ግፊቱን እንደሚለካ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይከፍተዋል። በሳምንት አንዴ ማየት ይበቃል። ስታዩም የደረጃ ሠንጠረዡን አብራችሁ ክፈቱ። ከ2022 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሊግ ስድስት ቡድን ነው የሚገባው፤ ሦስቱ በዋይልድ ካርድ። ከአንድ ቡድን በአምስት ጨዋታ ወደኋላ መቅረትና ከአራት ቡድኖች ኋላ በአምስት መቅረት ለየቅል ነው። የአንዱን መሸነፍ ትመኛላችሁ፤ አራቱ በአንድ ላይ እንዲሸነፉ ግን ማን ይመኛል? እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ አንዱ ማሸነፉ አይቀርም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለተከራካሪ ጥሩ ነው፣ ለጭንቀታም አይሆንም። አሁን ልጁም ጋሼም ስልካቸው ላይ አላቸው። ጋሼ የሚከፍቱት ግን ናሽናልስ በተሸነፈ ማግስት ብቻ ነው።